የጋሼ ሃብታሙ ዓይን

መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ የሙሉመቤትን አበባ ቤትና የጋሼ ሃብታሙን ሙዝ ማብሰያ ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ሽማግሌው ጥሬ ሙዛቸውን ዘግተው ያበስላሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሱቋ በር ላይ ቆመው ባልዲ የሞላውን የካርኔሽን አበባ ያያሉ። “እንዴት ያምራሉ!” ይላሉ። በቃ። “ከዓይን ያውጣቸው” የምትለዋን አይጨምሩም። ቃል የማያበዙ ሰው ስለሆኑ እንጂ ክፋት ኖሯቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ለሠርግ የታዘዘው ካርኔሽን ጠውልጎ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ አደረ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው ሆነ። ሙሉመቤት ውሃ ቀየረች፣ ባልዲ አጠበች፣ ጠበል ረጨች። ምንም ጠብ ያለላት ነገር የለም። በመጨረሻ ንዴቷ አፏን ቀደማት።

“የኒህ ሰውዬ ዓይን ነው የበላብኝ!” አለች፣ ጎረቤት እየሰማ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። መርካቶ ደግሞ ለጭነት እንጂ ለወሬ ተሸካሚ ቸግሮት አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ እናቶች በጋሼ ሃብታሙ በር ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ሽማግሌው አበባ ማየቱን ተዉት፣ ሲሄዱም መሬት መሬቱን እያዩ ሆነ። ሙሉመቤትም፣ ይቅር ይበላትና፣ እፎይ አለች። አበባው ግን መጠውለጉን አልተወም።

ነገሩን የፈታችው ከእርሻው አበባ የምታመጣላት ሶፊ ናት። ሱቁ ውስጥ ገብታ አየሩን አሸተተች።

“እትዬ፣ ማዶ ሙዝ ነው እንዴ የሚበስለው?”

“አዎ፣ ምነው?”

“እሱ ነዋ! ሙዝ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ካርኔሽን አይችለውም፣ ያለ ዕድሜው ያረጃል። መድኃኒት አለው፤ ብር ያለበት ነው። የኪስ ብር እንዳይመስልዎት፣ የጌጡ ብር! አበባው አንድ ሌሊት እሱን ከጠጣ ጋዙ አይነካውም። አመጣልዎታለሁ።”

ሙሉመቤት መድኃኒቱን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ሙዙ ነው! ሰውየው አይደሉም!

መድኃኒቱን የጠጣው ካርኔሽን እውነትም እዚያው ሙዝ አጠገብ ሰንብቶ እንደፈካ ቆየ። ምርጥ ምርጡን አሰረችና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። እግራቸው ላይ ወደቀች።

“ጋሼ፣ ሙዙ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ስምዎን በሐሰት አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ተነሺ ልጄ፣ ይቅር ብያለሁ፣” አሉ ክንዷን ይዘው እያነሷት። ድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም።

“እንግዲያው ቀና ብለው ይዩልኝ። ለእርስዎ ነው ያመጣኋቸው።”

ጋሼ ሃብታሙ ቀና አላሉም። አበባውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት፤ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

“ይቅርብኝ። አንድ ነገር ቢሆኑብሽስ?”

“ሙዙ ነው አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ!”

“ይሆናል፣” አሉ ሽማግሌው። “እኔ ግን ዓይኔን ፈራሁት። ሴት ልጄ ወልዳለች። ሕፃኑን እቅፌ ላይ ስታስቀምጠው ጨፍኜ ነው የታቀፍኩት።”