ሱሪ አይዋሽም

ገና ልጅ ሳለች፣ ከልብስ ሰፊ አባቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም የሰማችው ነገር ነው። አንዲት ደንበኛ የባሏን ኮት ይዛ መጥታ ነበር። «ወፍሯል እንዳይሉት አደራ፤ ዝም ብለው ይልቀቁለት» ያለችው ደንበኛዋ ትመስላታለች። ወይም አባቷ ይሆናል፣ «ልኩን የነገሩት ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ስፌቱን ማላላት ነው» ያለው። ማን ምን እንዳለ ዛሬ ለይታ አታውቀውም። ብቻ ሁለቱም ሳቁ፣ ኮቱም ተለቀቀ።

አድጋ እሷም ልብስ ሰፊ ሆነች። ያገባችው የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። ቀበቶውን ታጥቆ ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ የተበጠሰውን ይቀጥላል፣ የተቃጠለውን ይቀይራል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ከላይ ሆኖ ማየት ስለለመደ ይሁን ወይም ተፈጥሮው ሆኖ፣ መሬት ከወረደም በኋላ ሰውን የሚያየው ቁልቁል ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ንስሩ» ይሉታል። ስሙን ይወደዋል።

ንስሩ ታዲያ ይበላል። ምሰሶ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ሲወርድ ሁለት። ከሰዓት ብስኩት። ማታ የቀረበለትን ጨርሶ የድስቱን ቂጥ በዳቦ ይጠርጋል። በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ሚስቱ በፍቅር አፍ፣ «ሞላ አላልክም እንዴ የኔ ጌታ?» አለችው። አስራ አንድ ቀን አኮረፋት። ውጭ እየበላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እየተኛ፣ አስራ አንድ ቀን። በአስራ ሁለተኛው ቀን የሠርጉን ሱሪ ከቁም ሣጥኑ አወጣ። ግራጫ ሱሪ ነው፤ በእጮኝነታቸው ጊዜ ራሷ የሰፋችው። ፊቷ ቆሞ ለበሰውና ቁልፉን ቆለፈ።

«ይኸው! ሱሪ አይዋሽም።»

አልዋሸም፤ የዋሸችው እሷ ናት። ይህን እንደሚያደርግ ስለገመተች ከሁለት ቀን በፊት ከኋላው ሁለት ጣት ያህል ለቃለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ትለቅለት ጀመር። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ፣ ከሠርጉ ልብስ የተረፈ ቁራጭ ደብቃ ኖሮ፣ ከወገቡ ኋላ እንደ ሽብልቅ ቀጠለችበት። ሰው ፊቱን እንጂ ኋላውን አያይም። ፈጣሪ ዓይንን ከፊት ብቻ ያደረገው ትዳር ይሰንብት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ንስሩም የጋብቻቸው ቀን በዞረ ቁጥር ሱሪውን እየለበሰ፣ «እንደ ሙሽርነቴ ነኝ» እያለ፣ ስምንት ዓመት አለፈ።

ነገሩ የፈነዳው መሥሪያ ቤቱ አዲስ የመውጫ ቀበቶ ያስመጣ ጊዜ ነው። ቀበቶው ላይ «ከመቶ አስር ኪሎ በላይ አይሸከምም» ተብሎ ተጽፏል። አለቃው ሠራተኛውን ሰብስቦ መጋዘን ወሰደና፣ የሽቦ ጥቅል በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ በየተራ አቆማቸው። የንስሩ ተራ ሲደርስ ቀስቷ ሄዳ ሄዳ መቶ ሃያ አንድ ላይ ቆመች።

«ጥቅሉን አስቀምጠህ ውጣ እንጂ!» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ።

«የምን ጥቅል?»

«ሸሚዝህ ውስጥ የያዝከው ነዋ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ንስሩ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ሚዛናችሁ ታሟል! እኔ ዛሬም የሠርጌን ሱሪ የምለብስ ሰው ነኝ። ሱሪ አይዋሽም!»

«እንግዲያው ምሰሶው ላይ ሱሪህን እንላከው» አለ አለቃው፣ ሳይስቅ። ከዚያ አስር ሳምንት ሰጠው። በአስር ሳምንት መቶ አስር ካልገባ ከምሰሶ ይወርድና መጋዘን ይገባል፤ አሁን ከሳቀበት ሰውዬ ሥር ሆኖ ብሎን ሲለቅም ይውላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስሙም ተለወጠ። «ንስሩ» ቀረ፣ «ጥቅሉ» ሆነ።

ቤት ሲደርስ በሩን በእግሩ ከፈተው።

«አንቺ ነሽ! ዘይት እየገለበጥሽ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ!»

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «አፍህን ፈልቅቄ ነው ያጎረስኩህ?»

«ሰው መሃል ተዋረድኩ!»

«እኔ ነኝ ሚዛን ላይ ያቆምኩህ?»

ይህን ትበል እንጂ ሱሪው ትዝ ብሏታል።

በማግስቱ ንስሩ ጾሙን ውሎ ማታ እንደ ጅብ መብላት ያዘ። በቀትር፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ላቡ ጫማው ውስጥ እስኪንቆረቆር ይሮጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በስድስተኛው ቀን ከምሰሶ እግር ሥር ዓይኑ ጨልሞ ተዘረረና ጓደኞቹ አንስተው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። «ጥቅል ለአራት ነው የሚነሳ» ሲሉ ሰምቷል።

ሲስተሯ ስትናገር አትለሳለስም። «ውሃ ነው ያፈሰስከው እንጂ ስብህ እዚያው ነው» አለችው። ለስላሳውንና ብስኩቱን ተው፤ የሳህኑን ግማሽ አትክልት አድርገው፤ ሩቡን ባቄላ፣ ምስር ወይም እንቁላል፤ የቀረውን ሩብ ዳቦ። ዘይት በማንኪያ ይለካ። ምግብ አትዝለል። በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ፣ በሳምንት ሁለቴ ክብደት አንሳ። «በሳምንት አንድ ኪሎ ከቀነስክ ፈጣሪህን አመስግን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉን ልብላው ወይስ እስኪሄድ ልጠብቀው?» አለ ንስሩ።

«በየሳምንቱ እየመጣህ ተመዘን።»

«ሚዛን አልወጣም። ሱሪዬ ይበቃኛል።»

በዚሁ ተጀመረ። ሚስቱ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ባቄላውን ትቀቅላለች፤ እሱ ይራገማል። «ፍየል ነኝ?» ይላል። «ፍየልማ ገደል ትወጣለች» ትለዋለች። ንጋት ላይ እየተነጫነጨ ይወጣል፣ እየተነጫነጨ ይመለሳል። ጓሮ ውስጥ ሁለት ጀሪካን አሸዋ ሞልቶ እያነሳ ያወርዳል፤ ባነሳ ቁጥር የመጋዘኑን ኃላፊ ይሰድበዋል። ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው መጥታ ሳህኑን ስታይ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ወንድሜን በቅጠል ልትገድይው ነው? እናታችን እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችው?»

«እትዬ፣ እናታችሁ ምሰሶ ላይ አላወጣችውም» አለች ሚስት። እህትየው ያን ቀን ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች።

በአራተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት ንስሩ ሱሪውን ለበሰና ጮኸ። ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል። በእጁ ይዞት እየዞረ፣ «ጨረስኩ! እንደውም ከሙሽርነቴ አንሻለሁ!» አለ። ወዲያው ወጥቶ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳና አንድ ካርቶን ብስኩት ይዞ መጣ። ጀሪካኖቹን በእግሩ ወደ አጥሩ ገፋቸው።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። ያ ሱሪ በመጨረሻ ስትለቀው መቶ ሃያ ሁለት ሴንቲሜትር ነው። ያ ሰፋው ማለት ገና ጉዞው መጀመሩ ነው። ይህን ብትነግረው ስምንቱ ዓመት ሊወጣ ነው። ብትተወው መጋዘን መግባቱ ነው። ባሏ ብስኩቱን እያንኮሻኮሸ ደጅ ሲቀመጥ፣ ምላጭ አንስታ የሱሪውን ኋላ ፈታችና አራት ጣት አጠበበችው። አንዴ ያላላ እጅ ቢያጠብቅ ምን ነውር አለው ብላ ራሷን አጽናናች።

በሚቀጥለው እሁድ ቁልፉ አልደርስ አለ። ንስሩ ካርቶኑን አሽቀንጥሮ ጀሪካኖቹን መለሰ። እሷም ልብ አለችው፤ ዘዴው ሠርቷል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ታጠብበው ጀመር፤ እሱ ሲከሳ ሱሪውም አብሮት ይከሳል።

መሳሳቷ እዚህ ላይ ነው። ባሏ ለስላሳ ጠርሙስ ካየ ሁለት ሳምንት አልፎታል። እየተራመደ ነው፣ እያነሳ ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር ግን ሱሪው አንገቱን እንደያዘው ሁሉ ያንቀዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት። በሰባተኛው ሳምንት እሁድ ሱሪውን አውልቆ በስፌት መኪናዋ ላይ ወረወረው።

«ዘይት ትደብቂብኛለሽ!»

«የት ነው የምደብቀው?»

«ጎመኑ ውስጥ! መጋዘን እንድገባ ነው የምትፈልጊው። ከመሬት እንዳልነሳ! ከእህቴ በቀር ሰው የለኝም።» ወደ ጓሮ ወጥቶ አንዱን ጀሪካን ገለበጠው። «በቃኝ። ነገ ጠዋት አልነሳም። የፈለገው ይሁን!»

ሚስቱ ሱሪውን ከመኪናው ላይ አነሳች። በልቧ አንድ አጭር ጸሎት አለች፤ ልብ ስጠኝ የምትል። ምላጩን አንስታ ተከትላው ወጣችና ዓይኑ እያየ የወገቡን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረችው።

«ምን አባሽ ታደርጊያለሽ!»

«እየው።»

ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዘችለት። መርፌ ያለፈበት ጨርቅ አይረሳም፤ ክሩ ቢወጣም ቀዳዳው ይቀራል። መስመር በመስመር ነበር፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ይበልጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ በሽብልቁ ላይ ሦስት፣ ከዚያ ደግሞ አዲሶቹ፣ ወደ ውስጥ የሚመለሱት።

«እነዚህን ስትወፍር የለቀቅኳቸው ናቸው። እነዚህ ደግሞ ስትከሳ ያጠበብኳቸው። ከስተሃል። ያልከሳህ ያስመሰልኩህ እኔ ነኝ።»

ንስሩ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳበሰ። ቁመቱ ያጠረ መሰለ።

«ስምንት ዓመት» አለ። «ስምንት ዓመት ስትስቂብኝ!»

«ስፈራህ ነው እንጂ የምስቀው መቼ አግኝቼ! አንድ ቃል ብናገር አስራ አንድ ቀን የዘጋኸኝ ማን ነው?»

«በሥራ ቦታ ሱሪ አይዋሽም ስል... አንቺ እዚህ መርፌሽን ይዘሽ...»

«አዎ። እኔ መርፌዬን ይዤ። አንተስ ኩራትህን ይዘህ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ልብሴን እንዳትነኪ!»

«አልነካም። ግን ቁም።» ከአንገቷ ሜትሩን አውርዳ ወገቡ ላይ ጠመጠመችና፣ ጫፉን እሱ እንዲያነበው ሰጠችው። መቶ አስራ አራት ነበር። ንስሩ ሁለቴ አነበበው። አመሰግናለሁ አላለም። ሜትሩን መሬት ላይ ጥሎ የደፋውን አሸዋ በእጁ እየዛቀ ጀሪካኑ ውስጥ መመለስ ጀመረ።

የቀሩት ሦስት ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እሷ አትክልቱን ታቀርባለች፣ እሱ ቀና ሳይል ይበላል። ሲናገር፣ «ጨው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

በአስረኛው ሳምንት መጨረሻ ሚዛን ላይ ቆመ። ቀስቷ መቶ አስራ አንድ ከግማሽ አለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ጥርሱን እያሳየ ሰገደለትና በሩን ከፈተለት። «እንኳን ደህና መጣህ ጥቅልዬ፤ ቦታህን ጠርጌልሃለሁ።» አለቃው ግን አልሳቀም። «ዘጠኝ ኪሎ ተኩል አውርደሃል፤ አይቻለሁ። ቀበቶው ግን እኔን አይሰማም። አንድ ወር መጋዘን ግባ፤ በወሩ ተመዘን። ከገባህ ምሰሶህ ያው ነው።»

ንስሩ የራስ ቁሩን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «ሥራውን እለቃለሁ» አለ። «ለዚያ ጥርሳም ብሎን አልለቅምለትም።»

«ልቀቅ» አለች ሚስቱ። ቁልፍ እየተከለች ነበር። «ለአንድ ኪሎ ተኩል ብለህ ሃያ ሁለት ዓመት ጣል። እህትህ ዳቦ በቅቤ ታዘጋጅልሃለች።»

«ምላስሽ ይቆረጥ! አንቺ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባታታልዪኝ፣ ጨረስኩ ብዬ ያን ሳምንት በብስኩት ባላባከንኩ፣ ዛሬ ገብቼ ነበር።»

የተናገረው እውነት ነው።

«ደግሞስ» አለ፣ «የሰዉን ሁሉ ወገብ ስትለኪ ትውያለሽ፤ የራስሽን ለክተሽ ታውቂያለሽ? ቀሚስሽ ሁሉ ወገቡ ላይ ላስቲክ ነው የምታስገቢበት። ደረጃ ስትወጪ እኮ እንደ አሮጌ መኪና ነው የምታቃስቺው።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «በኔ አትምጣ!»

«እመጣለሁ! አንድ ወር መጋዘን እገባለሁ፤ እሺ። ያንን ጥርሳም እችለዋለሁ። ግን ነገ ንጋት ላይ አንቺም ጫማሽን አድርገሽ ከኔ ጋር ትወጫለሽ። እሁድ እሁድም ሜትሩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በአንቺ ወገብ ላይ።»

«እጅህን እንዳታስጠጋብኝ!»

«እንግዲያው ነገ የሥራ መልቀቂያ እጽፋለሁ።»

ብዕር ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ። የምሩን ነው፤ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን መርፌው ላይ እንዳለ ትታ ግድግዳውን አየች። ከዚያ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አየች። በሠላሳ ዓመት ሥራ በገዛ ወገቧ ዞሮ አያውቅም። ቁጥሩን ከመገመት በላይ ታውቀዋለች፤ ለዚህም ነው ያልለካችው።

«ቁጥሩን ለእህትህ ብትነግር...»

«አልነግርም።»

«ብትስቅ...»

«አልስቅም።» መሳቢያው አሁንም እንደተከፈተ ነው። «ስምንት ዓመት ሳቅሽብኝ ብዬ ልበቀል ብል ግን ሐቄ ነበር።»

«ጨርስና ዝጋው ያን መሳቢያ» አለች። ንጋት ላይ አብራው ልትወጣ፣ እሁድም ክንዷን አንስታ ልትቆምለት ተስማማች።