ሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ

ትሕትና የዘጠኝ ወር ልጇን አርሴማን ሆስፒታል አስተኝታ፣ ከሉማሜ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ለደረሱላት አክስቷ ለእትዬ ያለምወርቅ አደራ ብላ ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትሮጥ ተስፋ ያደረገችው በአንድ ነገር ነበር፦ አቶ መሳፍንት ደግ ሰው ናቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን የማይመሰክር የለም። የሰው ሀብት ኃላፊ ብቻ ሳይሆኑ የሠራተኞች እድር ሊቀ መንበርም ናቸው፤ ሠርግ አንዳንዴ ያመልጣቸዋል፣ ቀብር ግን አምልጧቸው አያውቅም።

«አምስት ቀን ብቻ» አለቻቸው ትንፋሿን ሳትሰበስብ። «የሳንባ ምች ነው ብለውኛል። በየስድስት ሰዓቱ መርፌ አላት። ጡት ትጠባለች፣ ያለ እኔ አይሆንላትም። አባቷ እንደሆነ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናውን በረሃ ጥሎ አይመጣ።»

አቶ መሳፍንት ከንፈራቸውን መጠጡ። ከልባቸው ነው የመጠጡት፤ በዚህስ አይታሙም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፋይሏን ገለጡ።

«እስቲ እንየው። የወሊድ ፈቃድሽን ጨርሰሻል። የዓመት ፈቃድሽንም ባለፈው ተቅማጥ ሲይዛት ጨርሰሻል። የሕመም ፈቃድሽ ግን ሙሉ ነው፣ አልተነካም።»

«እሱን ይስጡኛ!»

«አሞሻል?»

«እኔማ ደኅና ነኝ።»

«አየሽ» አሉ በሐዘኔታ። «አንቺን ቢያምሽ ኖሮ ዛሬውኑ ከሙሉ ደመወዝ ጋር እፈርምልሽ ነበር። የታመመችው ግን እሷ ናት። እሷ ደግሞ የእኛ ሠራተኛ አይደለችም።»

እውነታቸውን ነው። አርሴማ መዝገብ ቤት ፋይል የላትም፣ የቅጥር ደብዳቤ የላትም፣ የሥራ ልምዷም ዘጠኝ ወር ብቻ ነው፣ እሱም በማልቀስ።

«ያለ ደመወዝስ ቢሆን?»

«የዋና ኃላፊውን ፊርማ ይፈልጋል። እሳቸው እስከ ሰኞ ባሕር ዳር ስልጠና ላይ ናቸው።» ስልጠናው ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም እንጂ ሠራተኛን ስለ ማበረታታት ነበር። «ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ ደግሞ፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብሽ። ሦስተኛው ስንብት ነው።» ፋይሉን ሊዘጉ ሲሉ ጨመሩ፦ «ሰው ሞቶብሽ ቢሆን ሦስት ቀን ነበረሽ። ለሐዘን ማን ይከለክልሻል?»

ምላሷ ቀደማት። «አክስቴ ሞተዋል።»

«እንዴ!»

«እትዬ ያለምወርቅ። የሉማሜዋ። ዛሬ ጠዋት።»

አቶ መሳፍንት ከወንበራቸው ተነሡ። «ነፍስ ይማር» አሉና ይህን ከሁሉ አስቀድማ ስላልነገረቻቸው ገሠጿት። ፊርማውም ማኅተሙም ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐዘንተኛን ማስረጃ አምጪ የሚል ነውረኛ በዚህ አገር የለም፤ ወረቀት የሚጠየቀው በሕይወት ያለ በሽተኛ ነው።

ሆስፒታል ተመልሳ ያደረገችውን ስትናገር እትዬ ያለምወርቅ ሕፃኗን እንዳቀፉ አፈጠጡባት።

«ገደልሽኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ሰው አልመጣልኝም።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሦስት።»

«ሐኪሙ አምስት አይደል ያለሽ? ከገደልሽኝ አይቀር ምነው በደንብ ብትገይኝ!»

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባዋ ሔዋን ደወለች።

«ሉማሜ ደርሰናል። ለቅሶ ቤቱ የት ጋ ነው?»

«እናንተ እነማን?»

«ሁላችንም ነና! ሃያ ሰባት ነን፣ ሰርቪሱ ሞልቷል። አቶ መሳፍንት ማንም እንዳይቀር ብለው ቢሮውን አዘግተው አመጡን። በር ላይ ‹ለቅሶ ሄደናል› የሚል ለጥፈዋል።»

ለሃያ ሰባት ሰው ሙሉ ቀን ከነደመወዙና ከነመኪናው ተገኝቷል። ማንም ፋይል አልገለጠም። ትሕትና አፏን ስትከፍት ሔዋን ቀደመቻት። «ቆይ፣ ጎረቤታቸው እየነገሩን ነው… ማርቆስ፣ ሆስፒታል ናቸው አሉን። ውይ! አስከሬኑ ገና አልወጣም እንዴ? በሞቴ ብቻሽን ነሽ? መጣን!» ስልኩ ተዘጋ።

መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የጠያቂ ሰዓት አልነበረም፣ ሆኖም ለቀስተኛ የሚመልስ ዘበኛ የለም። አቶ መሳፍንት ከሁሉ ቀድመው የሕፃናት ክፍል ገቡና ከአልጋው አጠገብ የተቀመጡትን ሴት እጅ ነሱ።

«መሳፍንት እባላለሁ፣ የትሕትና አለቃ ነኝ። እርስዎ የሟች እኅት ነዎት?»

«ሟቿ ነኝ» አሉ እትዬ ያለምወርቅ።

የአቶ መሳፍንት ፊት አመድ መሰለ። ትሕትና ስንብቷን እየጠበቀች አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ስለ እሷ አልነበረም የሚያስቡት። ቢሮ የዘጉት እሳቸው፣ ለሰርቪሱ የፈረሙት እሳቸው፤ ዋና ኃላፊው ሰኞ ሲመለሱ «ማን ሞቶ ነው?» ቢሉ ምን ይመልሳሉ? ወደ ጥግ ወሰዷትና ላባቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሴትዮዋ እስከ ዓርብ ሞተው ይቆዩ። ለመንገድ ሁለት ቀን እጨምርልሻለሁ፣ አምስት ይሞላልሻል። ዝም ብለሽ ተጽናኚ።»

አምስት ቀን! ትሕትና እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። አቶ መሳፍንት በሩን ከፍተው «እየገባችሁ አጽናኗት፣ ከዚያ እንሄዳለን» አሉ።

በተራ ገቡ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ።» «ጥናቱን ይስጥሽ።» ትሕትና አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለች። በጎን ባለው አልጋ ላይ ልጇን የያዘች እናት ዞር ብላ መጀመሪያ ለቀስተኞቹን፣ ቀጥላ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ያለባትን አርሴማን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አምስተኛው ሰው የሒሳብ ክፍሉ ጋሽ ዘማርያም ነበሩ። አልጋው ላይ ጎንበስ አሉ፣ ሕፃኗን አዩ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ነፍስ ይማር፣ ልጄ።»

«በቃ!» ብላ ጮኸች ትሕትና። በሰውነቷ ልጇን ከለለቻት። ፈርታ ነበር፣ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። «ልጄ ላይ እንዲህ አትበሉ! አልሞተችም! ማንም አልሞተብኝም! ልጄ ታማብኝ ነው፣ እሷን ላስታምም ነው የዋሸሁት!»

የአርሴማ ትንፋሽ ብቻ ሲር ሲር ይላል።

አቶ መሳፍንት ኮታቸውን አስተካከሉ። «ሃያ ሰባት ሰው ሰማሽ። ከዚህ በኋላ እኔም ልረዳሽ አልችልም። ነገ ጠዋት ሥራሽ ላይ እንዳገኝሽ።»

«አልመጣም» አለች ልጇን እያቀፈች። «ልጇን እያስታመመች ቀረች ብለው ይጻፉ።»

ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትገባ ለቀስተኞቹ እየተጋፉ ወጡ። ጊዜው ገና ስድስት ሰዓት ነበር። ቢሮው ከሆስፒታሉ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከፍተው ሊሠሩ ይችሉ ነበር። ለለቅሶ የወጣ ሰው ግን በዚያ ቀን ሥራ አይገባም። ሰርቪሱ ሃያ ሰባቱንም በየቤታቸው በር ላይ አደረሳቸው።