የሁለት ጣት ክፍተት

«ልቡ ነው» አለ የበያጁ ታናሽ ወንድም፣ አዲስ ለገቡት ባልና ሚስት ወንበር እየሳበ። «ምንም ሳይለው፣ ድንገት።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ባሏ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «አልጋ ላይ ከመማቀቅ መገላገል ነው» አለ።

በያጁ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል። ልጁን ከቀበረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከምንድን ነው የተገላገለው? ብሎ ሰውየውን ሊጠይቀው አሰበ። ልጁ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ ነው የተገላገለው? ከሥራው ነው?

ወንድሙ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቃል ማሳመር ያውቅበታል። የመጀመሪያው ቀን «ልቡ ነው» ብቻ ይል ነበር። በማግስቱ ልጁ ደረቱን ይዞ እንደተገኘ ጨመረበት። ዛሬ ደግሞ «ከልጅነቱም ደከም ያደርገው ነበር» ማለት ጀምሯል። ያ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአባቱን የብየዳ ማሽን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የወጣ ልጅ ነው። ውሸቱ በየቀኑ ሥጋ እያበቀለ፣ የሞተው ልጅ ግን በየቀኑ እየመነመነ ሄደ። እንዲህ ከቀጠለ በሳምንቱ ሰው የሚያለቅሰው በያጁ ለማያውቀው ለአንድ በሽተኛ ነው።

«ጋራዡስ እንግዲህ?» አለ ጎረቤታቸው ሾፌሩ፣ ሻዩን እያማሰለ። «መኪናዋን መልሳት እንጂ። ዝናብ በላት እኮ።»

«ይብላት።»

«ለአንተው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ሻይህን ጠጣ።»

ወንድሙ በዓይኑ ገሠጸው። በያጁ ብድግ ብሎ ወጣ።

እነሆ መኪናዋ፣ ላስቲክ ለብሳ ግቢው መሐል ቆማለች። ልጁ ከሁለት ወር በፊት ነበር እዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ «አባባ፣ መኪናዋን አውጣት» ያለው።

«ወዴት ነው የማወጣት?»

«ወደ ውጭ። እሷ ዝናብ ለምዳለች፤ ካሜራ አልለመደም።»

ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል። ገና ተማሪ ሳለ በተዋሰው ካሜራ ሰውን አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ፣ አፍንጫውን ሲጎረጉር እያነሳ አሥር ጊዜ ሊደበደብ ነበር። ካደገ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። ባለቤቱ ፎቶዎቹ ላይ የራሱን ማኅተም ሲመታባቸው እያየ ኖረ። ያኔ የራሱን ፎቶ ቤት ሊከፍት ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ ሙሽሮቿን ይዛለት ልትመጣ፣ እሱ ሊያነሳ።

አባትየው አጉረመረመ እንጂ እምቢ አላለም። መኪናዋን አወጣ፤ ለሁለት ዘይት የጠጣውን ወለል ፋቁ። ከዚያ ልጁ «ማዕዘን አልፈልግም» አለ።

«ማዕዘን የሌለው ቤት የት አይተሃል?»

«ፎቶ ላይ። ወለሉና ግድግዳው ሳይለዩ ሲገናኙ ሰውየው አየር ላይ የቆመ ይመስላል።»

በያጁ ዕድሜውን ሙሉ ማዕዘን ሲያጋጥም የኖረ ሰው ነው። ቢሆንም ላሜራውን እንደ ብራና አጎበጠለት፤ ግድግዳው ወደ ወለሉ ሳይሰበር ወረደ፤ በላዩ ጀሶ ለሰኑት፤ ነጭ ቀለም ቀቡት። ሲጨርሱ ልጁ አባቱን መሐል ላይ አቁሞ መብራት ሞከረበት። «አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አገጭ ቀና። ፈገግ በል እንጂ፤ የብየዳ መነጽር አድርገህ የምትስቅ ነው የምትመስለው።»

በያጁ የጋራዡን በር ገፋ። ነጩ ክፍል ተከፈተ። ከቀብሩ ወዲህ እዚህ ሲገባ ሦስተኛው ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ወለሉ የት እንደሚያልቅ ዓይኑ ማግኘት አቅቶታል። ጥላ የለም፤ ጥግ የለም፤ ሰው የሚደበቅበት ስፍራ የለም፤ ግን ሰው አለ። ከጀርባው መብራቱን የሚያስተካክል፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ዞር ቢል እንደማያገኘው ያውቃል፤ ስለዚህ አልዞረም። እግሩ ግን ማንም ሳያዘው ትንሽ ወደ ግራ ተራመደ። አገጩ ቀና አለ። እንዲያ ቆሞ ጠበቀ። ማንም ጥሩ ነው አላለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን ያየው። ልጁ ሲወድቅ ትከሻው ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ወርዶ ነበር፤ ከወገብ ከፍታ እስከ ወለሉ እንደ ሰፊ መጥረጊያ ያለፈበት ምልክት። በያጁ በየቀኑ የሚገባው እሱን ለማየት ነው። አሁን የለም። ግድግዳው እንዳለ እርጥብና አዲስ ነጭ ሆኗል።

የበሩ ችግር የመጣው በመጨረሻ ነበር። በሩን በያጁ ራሱ ነው የሠራው፤ ከታች የሁለት ጣት ክፍተት ትቶለታል። ስንት በር ሠርቷል፤ መተንፈሻ ሳይተው የገጠመው አንድ የለም። ልጁ ግን መስኮቱን ደፍኖ፣ የጣሪያውን ስንጥቅ ደፍኖ፣ በዚያች ክፍተት ላይ ክችች አለ።

«ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ታሰምራለች አባባ። ሙሽራዋ እግሯ ሥር ቢጫ መስመር ይዛ ልትሞሸር ነው?»

«ቤት ይተነፍሳል።»

«እኔ ፎቶ ነው የማነሳበት፤ ሊጥ አላቦካበት።»

ሳምንት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ልጁ ተናደደና «እሺ፣ ሌላ በያጅ እጠራለሁ» አለ። ይቺ ቃል ገባችበት። በማግስቱ ጠዋት በያጁ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከበሩ ግርጌ ጋር በቡሎን አሰረው። በሩን ዘጋ፤ ክር የምታህል ብርሃን አልገባችም። «እንካ ጨለማህን» አለው። ልጁ ከውስጥ አጨበጨበ።

ያን ቀን ልጁ ግድግዳውን ዳግመኛ ቀባው፤ ዝናብ ስለነበር ግን ቀለሙ አልደርቅ አለ። ለማግስቱ ደግሞ ቀጠሮ ይዟል። ከሰዓት በኋላ በያጁ በሩን ሲከፍት ልጁ ግድግዳው ሥር ተኝቷል፤ አጠገቡ የከሰል ምድጃ፣ ፍሙ ገና ቀይ። ምድጃውን በእግሩ ወደ ግቢው ገፍትሮ ልጁን ታቅፎ ወጣ።

ሐኪሟ ለሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነበር የነገረቻቸው። «የከሰሉ ጋዝ ነው። ሽታም ጭስም የለውም። ክፍሉ አየር አያስገባም ነበር?» ኮሪደሩ ላይ ወንድሙ ክንዱን ያዘው።

«ጋሼ፣ ልቡ ነው እንበል። ከሰሉን አቀጣጥላ የሰጠችው ሚስቱ ናት። ይህን ሰምታ እንዴት ትኖራለች?»

በያጁ እሺ አለ። ለእሷ አዝኖ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። አራት ቀን ሙሉ ግን አንድ ነገር ያቃጥለዋል፤ ያ ውሸት ላስቲኩንም አብሮ ይሸፍናል። እሷን በመጠበቅ ስም የተደበቀው ራሱ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ነዎት?»

ምራቱ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁር ሻሿ ላይ ነጭ ቀለም ተንጠባጥቦበታል።

«ቀባሽው» አላት፣ ወደ ግድግዳው እያመለከተ።

«ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ። ያንን እያየሁ መሥራት አልችልም።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ነገ ሙሽራ አለችኝ። እሱ ነው ቃል የገባላት። ካሜራውን አስተምሮኛል፤ ቁልፍ መጫን አያቅተኝም። ሴቶቹ በሐዘን መሐል ሥራ ምን የሚሉት ነው ብለው ተቆጡኝ፤ ይቆጡ። ቤት ተቀምጬ ልቡ ነው፣ ልቡ ነው ሲባል ከምሰማ እዚህ ብሠራ ይሻለኛል።» ዞር ብላ ከውጭ የሆነ ነገር አነሳች። «ይቺ ቀለም ግን በዚህ ዝናብ አትደርቅም። ትንሽ ገለል ይበሉልኝ።»

የከሰል ምድጃው ነው። ያው ምድጃ። ፍሙ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል።

«አስቀምጪው።»

«ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው፤ አይጨነቁ። ለእሱም እንዲህ ነው ያደረግሁለት።»

አንዲት ቃል ብቻ ቢል፣ ቀለሙን ነፋስ ያድርቀው ቢል፣ ሰበብ ቢፈጥር ዛሬ ትመለስ ነበር። ነገ ግን ሌላ ቀለም፣ ሌላ ዝናብ አለ። እሱ ደግሞ በየቀኑ በር ላይ አይቆምም። ምድጃውን ከእጇ ነጠቃት፤ ብረቱ መዳፉን ለበለበው፤ ግቢው መሐል አውጥቶ ጣለው። ፍሙ እርጥቡ መሬት ላይ ተንጫጫ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ልቡ አይደለም።»

አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

«ልቡ ደህና ነበር። ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ዋሸሁሽ። የከሰል ጋዝ ነው፤ ጭስ የለውም፤ አይሸትም። ክፍሉ ቢተነፍስ ኖሮ ምናልባት…» በጣቱ ወደ በሩ ግርጌ አመለከተ። «ያቺን ክፍተት የዘጋኋት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ጠዋት። እያወቅሁ፣ በእልህ። እኔ ነኝ።»

ቀለም የነካው ጣቷ ሻሿን ይዞ ቀረ።

«አቀጣጥዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ። «ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ።»

«አታውቂም ነበር። እኔ ግን ቤት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ።»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ሸሸችው። በፊቱ አልፋ፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ ቤት ገባች። በያጁ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። እንድትሰድበው፣ ሰው ፊት እንድታዋርደው ፈለገ። ከዚህ ያነሰ ነገር አይገባውም።

ሲገባ አዲስ ለቀስተኞች መጥተዋል። ወንድሙ ወንበር እየሳበ «ልቡ ነው፤ ከልጅነቱም…» ይላል።

«አይደለም» አለች ምራቱ። ግድግዳው ሥር ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ግን የብርጭቆ ድምፅ ሁሉ ቆመ። «ከሰል ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ፍም ነው የገደለው። ቤታችሁ ስትገቡ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ባሌ በሽተኛ አልነበረም።»

«ማን ነው የዘጋው?» አለ ሾፌሩ።

በያጁ አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«እኛ» አለች።

ወንድሙ የያዘውን ወንበር ሳያስቀምጥ ቀረ። በያጁ በሩ ላይ ከነዝናቡ ቆሟል፤ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ምራቱ ቀና ብላ አላየችውም። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ አግዳሚው ጫፍ ድረስ ጠጋ አለችለት፤ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ቦታ ለቀቀች። ሄዶ በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። መሐል ላይ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ሌሎች ለቀስተኞች መጥተው ቆመው ሲያዩ እንኳ ሁለቱም አልተጠጉም።