ከእርሻ መጽሔቶች ጀርባ

«ቅጽ አንድ?» አለ ሃላፊው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጣት በመጽሐፎቹ ጀርባ ላይ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ቅጽ አራት፣ ቅጽ ሦስት፣ ቅጽ ሁለት። ከዚያ በኋላ የመደርደሪያው ብረት ብቻ ነበር።

«ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ቅጽ አንድ። ከኤ እስከ ቢ» ሲል ደገመላት።

«አለ» አለች። «እዚህ ቦታ ላይ አይደለም እንጂ፣ አለ።»

ወደ ክፍሉ ጥግ ሄዳ ተንበረከከች። ከወለሉ በላይ ባለው የመጨረሻ መደርደሪያ፣ ከእርሻ መጽሔቶቹ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ መቀመጡን እንደ ስሟ ታውቃለች። እጇን ልትከት ስትል ግን ፊቷ ያሉት የእርሻ መጽሔቶች አለመሆናቸውን አየች። የስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጽሐፎች ናቸው። በየሳምንቱ አቧራቸውን የምትጠርገው ራሷ ናት። የእርሻ መጽሔቶቹ ወደ ምድር ቤት ከወረዱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል።

ልጇ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ በነዚያ ስምንት ወራት የመኪና አደጋ ጠብቃለች፣ እሳት ጠብቃለች፣ ሳንባ ምች ጠብቃለች፣ ልጇ በተከራየችበት ቤት ጣሪያው ሲደረመስ በሕልሟ አይታለች። ይህቺን ግን አልጠበቀቻትም። ሺህ የማይመጣ ነገር ስትጠብቅ፣ የመጣው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነበር።

«እትዬ?» አለ ሃላፊው። ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። «ባለፈው ቆጠራ ‹አለ› ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልተገኘ ‹የጠፋ› ብዬ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ ደግሞ አለቆቹ ይህን ክፍል እርስዎ እጅ ላይ አያቆዩልኝም። በር ላይ የቦርሳ ፍተሻ ሰው ይፈለጋል ብለዋል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እነሱ ናቸው።»

«ገባኝ» አለች።

ከሄደ በኋላ እዚያው ወለሉ ላይ ቆየች። በማጣቀሻ ክፍሉ ውስጥ አንድም አንባቢ የለም። ሰው ቃል የሚፈልገው በስልኩ ከሆነ ወዲህ ወንበሮቹ ሳይነቃነቁ ይውላሉ። በዚህ ክፍል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በመስኮቱ ሥር ያለችው አጭር ወንበር ከልጆች ክፍል የመጣችው ልጇ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየመጣች፣ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ አደገች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው አልፎም ሌላ ወንበር አልፈልግም ትል ነበር። ቤት ውስጥ አልጋዋ ተነጥፎ ባዶውን ነው። እናትየው ልጇን አሁንም የምታገኛት እዚህ ነው፤ ከወንበሯ ጋር።

መጽሐፉን የደበቀችውም ልጇ ናት። አስራ አንደኛ ክፍል ሳለች የእንግሊዝኛ አስተማሪው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ግስ ሰጣቸው፤ ትርጉሞቹን ከነአመጣጡ ጽፋችሁ አምጡ ብሎ። የቃልን አመጣጥ የሚናገር መዝገበ ቃላት ያለው እዚህ ብቻ ስለነበር የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ቀን ልጅቷ ቅጽ አንድን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከእርሻ መጽሔቶቹ ጀርባ ስትጥለው እናቷ ከጋሪው ኋላ ሆና አየቻት። መጽሐፍ ገልብጦ ያስቀመጠን ሽማግሌ ሁሉ የምትቆጣ ሴት ያን ቀን አፏን ያዘች። በተሳሳተ መደርደሪያ የገባ መጽሐፍ የጠፋ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ናት። የቤት ሥራው ካለፈ በኋላም አላወጣችውም። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ መኖሩ ደስ ይላት ነበር። ቆጠራ ሲመጣም ያለበትን ስለምታውቅ፣ ሳታየው «አለ» ብላ ፈረመች።

ድንገት ሌላ ሐሳብ መጣባት። ልጇ ወስዳውስ እንደሆነ? ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ ከታው ቢሆንስ?

የጥበቃው ሽማግሌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «አምቡላንስ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ተጋጨ?»

አምቡላንስ የሚል ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አደጋው ሳይደርስ ትደርሳለች ብለው።

«ጋሼ፣ ተዉኝ እስቲ። መጽሐፍ ጠፋብኝ።»

ነገሩን ስትነግራቸው ራሳቸውን አከኩ። «ታዲያ ደውለሽ ጠይቂያት። የደበቀ አይጠፋውም።»

«አልደውልም።»

«አንቺ? አልደውልም አልሽ? ጉድ ነው!»

«ቃል ገብቻለሁ።»

ሽማግሌው አልገፉም። ታሪኩን ያውቃሉ። ልጅቷ በሌላ ከተማ፣ በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ሥራ ይዛለች። ከአስራ አንድ ቀን በፊት ግማሽ ቀን ስልኳን አላነሳችም። እናቷ በመጀመሪያ ለድርጅቱ ጥበቃ፣ ቀጥላ ለሥራ አስኪያጁ፣ በመጨረሻ ለፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ልጅቷ ስብሰባ ላይ ነበረች። በሰው ሁሉ ፊት «እናትሽ በሕይወት መኖርሽን እንድታረጋግጪላት ትፈልጋለች» ተብላ ተጠራች። ማታ ደውላ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «እማ፣ ከእንግዲህ የምናወራው እኔ ስደውል ብቻ ነው። ቃል ግቢልኝ» አለች። እናትየውም ገባች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አልደወለችም።

አሁን ደውላ «መጽሐፉን ወስደሻል?» ብትል፣ ቃሏንም ታፈርሳለች፣ ልጇንም ሌባ ታደርጋለች። ያን ጊዜ በርግጥ ትጠፋለች። ካልደወለች ደግሞ ክፍሉ ይሄዳል።

«ጋሼ» አለች ድንገት። «የእርሻ መጽሔቶቹን ማን ነው ያወረዳቸው?»

«እኔና የጽዳት ሴቶቹ። ልጅሽን ልታደርሺ የሄድሽ ሳምንት።»

«አንድ በአንድ አያችኋቸው?»

«የምን አንድ በአንድ! ወገባችን ሊቆረጥ። እቅፍ እቅፍ እያደረግን ካርቶን ውስጥ ገለበጥን። ከኋላ ያለውንም ከፊት ያለውንም።»

ተነሳች። ጉልበቷን እንኳ አላራገፈችም።

ምድር ቤቱ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ተከምረዋል፤ ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ስልኳን ለብርሃን አወጣችው። ኔትወርኩ ጠፍቷል፤ ከላይ ባዶ ምልክት። እንደ ልማዷ ደነገጠች፤ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ቢሆንስ? ከዚያ ማን ይደውልልኛል አለችና ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ካርቶን አወረደች፣ ከፈተች፣ መለሰች። ስለ ወተት ላሞች፣ ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ መስኖ። እዚህ ቢያዞረኝና ብወድቅ እስከ ነገ የሚያውቅ የለም ብላ አሰበች። ሌላ ካርቶን። ጣቶቿ በአቧራ ጠቆሩ።

በአስራ ሰባተኛው ካርቶን ውስጥ፣ ከንብ እርባታ ሥር፣ ሰማያዊው ጠንካራ ሽፋን ብቅ አለ። ቅጽ አንድ። ልጅቷ አልወሰደችውም። ልጇን ለአንዲት ሰዓት ያህል ስለጠረጠረቻት አፈረች።

መጽሐፉን ጭኗ ላይ ስታደርገው በራሱ ተከፈተ። መሐሉ የታጠፈ የደብተር ሉክ አለ። ያቺ ወደ ቀኝ የምትጋደል የልጇ የእጅ ጽሑፍ፦

«የተሰጠኝ ግስ፦ አሬንጅ።

አንደኛ፦ ነገሮችን በየቦታቸው ማስቀመጥ። ምሳሌ፦ እናቴ መጽሐፍ ትደረድራለች።

ሁለተኛ፦ ጉዳይን አስቀድሞ ማመቻቸት። ምሳሌ፦ እናቴ ሾፌሩን አነጋግራ ሁልጊዜ ከእሱ ጀርባ እንድቀመጥ አመቻችታለች። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ሦስተኛ፦ ሙዚቃን ለሌላ መሣሪያ ማቀናበር። ምሳሌ የለኝም። እናቴ አትዘፍንም።

አመጣጥ፦ ከጥንት ፈረንሳይኛ። መጀመሪያ ለመጽሐፍም ለወንበርም አልነበረም። ወታደሮችን ለውጊያ በረድፍ ማሰለፍ ማለት ነበር። ቃሉ ለተራ የቤት ዕቃ መዋል የጀመረው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ሥሩ ክብ፣ ቀለበት ማለት ነበር ይላል።»

ከዚህ ሥር በእርሳስ ተጽፎ፣ በአንድ መስመር የተሰረዘ ነገር ነበር። ስልኩን አስጠግታ አነበበችው።

«ቃሉ ከጦርነቱ ወደ ቤት ገብቷል። እናቴ ግን ገና አልተመለሰችም።»

ሳቅ ነው ያመለጣት። ሁለተኛው ግን ሳቅ አልነበረም። አትዘፍንም የሚለውን ደግማ አነበበችው። ልጇ ሕፃን ሳለች ትዘፍንላት ነበር እኮ። መቼ እንደተወችው አታውቅም።

ሉኩን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና መጽሐፉን አቅፋ ደረጃውን ወጣች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ተንቀጠቀጠ፣ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ያልተነሳ ጥሪ፣ አራት። አንድ መልእክት፦ «እማ ለምን አታነሺም? ደህና ነሽ? ጥበቃው ጋ ልደውል ነው።»

ሽማግሌው ከበሩ በኩል እያለከለኩ መጡ። «የት ገባሽ አንቺ! ልጅሽ በጥበቃ ስልክ ሦስት ጊዜ ደወለች። ታማለች ወይ፣ ወድቃለች ወይ፣ እውነቱን ንገሩኝ እያለች አፋጠጠችኝ። ሆስፒታል ልጠይቅ ነው አለች!»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲሉ ነበር የምሰማው። ያንቺ ግን አንድ መልክ ብቻ!»

ለአስራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሃላፊው ማጣቀሻ ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። ቅጽ አንድን ከቅጽ ሁለት ግራ አስገባችው፤ ጀርባውን በመዳፏ አስተካከለች።

«ያን ጊዜ ሳላየው ነው የፈረምኩት» አለች። «ቦታው ላይ አልነበረም። ያለበትን አውቅ ስለነበር ነው። ይጻፍብኝ።»

ሃላፊው መጽሐፉንም እሷንም አየ። «አሁን ቦታው ላይ ነው?»

«ነው።»

«እኔ የምቆጥረው የዛሬውን ነው፣ እትዬ» አለና ምልክት አድርጎ ወጣ።

በመስኮቱ ሥር አጭሯ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩ የኔ እናት። ምድር ቤት ነበርኩ፤ ኔትወርክ የለም።»

«ምድር ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ሰው አጠገብሽ ነበር? ብትወድቂስ? ምድር ቤት ልወርድ ነው ብለሽ ለሰው አትናገሪም?»

«መጽሐፍ እየፈለግሁ ነበር።»

«አስራ አንድ ቀን ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ! አትደውዪ አልኩ እንጂ ሙቺ አልኩሽ? እውነቴን ነው፣ የሌለ ነገር ሁሉ አሰብኩ።»

«አየሽ?» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። አየሽ፣ እንዴት እንደሚያደርግ? ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣም ነበር። ከወዲያ የልጇ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሮጣ እንደመጣች ልጅ።

ዋጠችው።

«ደህና ነኝ» አለች። «አረፍ በይ። አንድ ውሃ ጠጪ።»

ልጅቷ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «እሺ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ልግባ። እሁድ እደውላለሁ» አለች።

ከመስኮቱ ውጪ ሽማግሌው የግቢውን በር አንዱን ክንፍ እየዘጉ ነበር። እናትየው ኪሷ ውስጥ ያለውን ሉክ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እሺ ልጄ» አለች።

በስንት ሰዓት ብላ አልጠየቀችም።