ግማሽ ሽቦ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱ ነው፤ ሰፈሩ የያዘለት ለፌዝ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር እንደ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ታጥቆ ይንጎራደዳል፤ ሲለካበት ግን ያየ የለም። ሙያ በልብ ነው ይባላል። የሱ ምላሱ ላይ ነው።

እህቴ የቢሮ ሥራዋን ጥላ ጓሮ ካለችው ክፍል ውስጥ የጫጩት መፈልፈያ ሠርታለች። የመጀመሪያው ዙር ካልተሳካላት ሁለተኛ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። መፈልፈያው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ከሥሩ የሚግል ሽቦ፣ ከላዩ የሙቀት ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት። ሙቀቱን ከቀዳዳዎቹ ጋር እስክታስማማ ባዶውን ሣጥን ስታሞቅና ስታቀዘቅዝ ነው የከረመችው። እንቁላሎቹን የደረደረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ውስጥ ሆነው መጮህ ጀመሩ። እህቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። መኖ ልንገዛ አብረን ስንወጣ ሊቁን «አደራ፣ ምንም እንዳትነካ» አለችው። ለድመት ወተት አደራ ማለት ይሄ ነው።

ስንመለስ እጁን አጣጥፎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«መብራት ቆጠብኩልሽ» አላት። «ሽቦውን ገመስኩት። ቀዳዳዎቹንም በጨርቅ ደፈንኳቸው፤ ሙቀቱ በከንቱ አይወጣም።»

እህቴ መኖውን መሬት ላይ ጣለችው። እሱ ማስረዳቱን ቀጠለ፤ አፉ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም።

«ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለአንድ አምፔር ሲካፈል፣ ሬዚስታንሱ፣ ማለት እገዳው፣ ሁለት መቶ ሃያ ኦም ነው። ሽቦው ሲገመስ መቶ አስር ይሆናል። አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በመቶ አስር ሲባዛ መቶ አስር ዋት። ግማሽ ሽቦ፣ ግማሽ ፍጆታ።»

«አምፔሩ አሁንም አንድ ነው ያለህ ማነው?» አልኩት።

«ድሮም አንድ ነበራ፣ እትዬ።»

ድሮማ ሽቦው ሙሉ ነበር። የሚያግደው ሲቀንስ ኤሌክትሪኩ እንደሚብስ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለነገሩ ሊቅ መሆንም አልጠቀመም።

እህቴ ክዳኑን ስትከፍት ግለቱ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣ። ቴርሞሜትሩ ጫፉ ላይ ደርሷል። ሜትሩን ከወገቡ መንጭቃ ሽቦው ላይ ለካች፤ እድሜውን ሙሉ ተሸክሞት የዞረው ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ።

«ሁለት አምፔር» አለች። «ሁለት መቶ ሃያ በሁለት፣ አራት መቶ አርባ ዋት። እጥፍ አድርገኸዋል።»

ሶኬቱን ነቀለች። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መኖ ልንገዛ ስንወጣ የጫጩቶቹ ጫጫታ ጓሮው ድረስ ይሰማ ነበር።

«ሲጮሁ አልሰማህም?» አለችው።

«ሰማሁ እንጂ። እየባሰባቸው ሲሄድ ሙቀቱ ተስማምቷቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ ዝም ሲሉ ደግሞ፣ ተኙ ብዬ በሩን ዘጋሁላቸው።»

እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ጆሮዋ ላይ ታደርግ ጀመር። የመጀመሪያውን ረድፍ ሳትጨርስ ሊቁ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀመሩ ግን ትክክል ነው» አለኝ።