ጊታሩ ውስጥ ያለው በረሮ

የሺአረግ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ከትናንት የተረፈውን ቂጣ በሻይ በላች፤ የቤቷን ቁልፍ ለጎረቤቷ ለእታገኝ ሰጠች። ከዚያም እንደየዕለቱ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አምስተኛውን ክር በአውራ ጣቷ መታች። ክሩ ጮኸ፤ ከጊታሩ ሆድ ውስጥም «ዝዝዝ» የሚል ስስ ድምፅ ተከተለው። ዛሬም አለ። ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች።

«ዝዝዝ» የሚለው ነገር ባሏ ኃይለኢየሱስ ጊዜው ካለፈበት የኤቲኤም ካርድ ቆርጦ የሠራው ፒክ፣ የጊታር መምቻ ነው። «ይህ ካርድ ሥራ ያገኘው ገና ዛሬ ነው» ብሎ ነበር ሲቆርጠው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ሲጫወት ከጣቱ አምልጦ በጊታሩ ቀዳዳ ገባና ከውስጠኛው የእንጨት ድጋፍ ሥር ግማሹ ተወሸቀ። «ተዪው፣ ነገ አወጣዋለሁ» አላት። አላወጣውም። ስለዚህ ጉዳይ የሺአረግ ለማንም አልተናገረችም። ጊታሩን ማንም እንዳያራግፈው ብቻ ትጠብቃለች።

ወርቅ በሚቆፈርባት በዲማ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች። ከሥራ ስትመለስ ዘፈን ትሠራለች። አሳታሚ የላት፣ ሥራ አስኪያጅ የላት፣ ደስ ሲለው የሚያባርራትም የለም። ይህን «ኢንዲፔንደንት ሙዚቃ» የሚሉት አሉ። እሷ እንደገባት ከሆነ ማንም የማይጠብቀው ሙዚቃ ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ አርባ ሦስት ተከታዮች አሏት፤ ከእነሱ ሁለቱ ራሷ ነች፣ በሁለት ስልክ። ቢሆንም አይቆጫትም። በየትልልቁ ስቱዲዮ የሚወጣው ዘፈን ፕላስቲኩ ያልተላጠለት የሳሎን ሶፋ ይመስላታል፤ ያብለጨልጫል፣ የተቀመጠበት ሰው ግን የለም። ኪቦርድ የሚባለው ነገር ጊታሩንም ከበሮውንም ዋሽንቱንም ውጦ ጨርሶ፣ አሁን በየሠርጉ እየዞረ ያገሳል።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፍራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ድምፅ የሚቀዳው ጎኝ ግን ጆሮ አለው። ችግሩም እሱ ነው። ባለፈው ክረምት የቀዳላትን ዘፈን «ቲቸር፣ ጊታርሽ ውስጥ በረሮ አለ» ብሎ አጥፍቶባታል። የስልኳ ማይክ ያን ስስ ድምፅ አይሰማውም፤ ደጋግማ ሞክራዋለች። የጎኝ ማይክ ሰምቶታል። ዛሬ የምትሄደው እንግዲህ ተከራክራም ቢሆን ዘፈኑን ከነበረሮው ለማስቀዳት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ፣ ድምፁ የተቀመጠ ይሆናል።

መናኸሪያ ውስጥ የቅጥቅጡ ረዳት ጊታሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የኔ እናት፣ ይሄ ሬሳ ከላይ ይታሰር።»

«ጭኔ ላይ ይሆናል።»

«ጭን ላይማ የሚያዘው ልጅ ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። የሺአረግ ጊታሩን አቅፋ ገብታ ተቀመጠች። ከላይ መታሰሩን ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ በደረቅ ዓሣ ጆንያና በአንድ ፍየል መካከል ታስሮ ሄዶ፣ ፍየሉ የቦርሳውን ማንገቻ በልቶ ጨረሰው፤ ጊታሩም እስከ ፋሲካ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ሌላ ጊዜ መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ግንባሯ ሲያብጥ፣ ግንባሯን ከመንካቷ በፊት አምስተኛውን ክር ነው የነካችው።

አጠገቧ የተቀመጠው እንየው የሚባል ወርቅ ቆፋሪ ነው። ትልቅ ድፎ ዳቦ በፌስታል ጠቅልሎ አቅፏል።

«ቲቸር፣ ሁለታችንም ልጅ አዛይ ሆነን ቀረን» አላት።

ጥቂት እንደሄዱ ጭቃው መኪናውን ያዘው። ሁሉም ወርዶ ገፋ። የሺአረግ ጊታሯን እንደ ታቦት ከፍ አድርጋ ዳር ቆመች፤ እንየው በአንድ እጁ ብቻ ገፋ፣ በሌላው ዳቦውን ይዞ። መኪናው ሲወጣ ሰው ሁሉ ርቦት ነበር።

«አንተ፣ ቁረስልን እንጂ!» አሉት።

«የስለት ነው፣ ወንድሞቼ። የስለት ዳቦ ነው።»

ንፉግ፣ አለች የሺአረግ በልቧ።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዲማ የመጣ መኪና ሁሉ ለወርቅ ይፈተሻል። የምትፈትሸው ፍርዶስ የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። ቦርሳውን ከፈተች፤ ጊታሩን አንሥታ ነቀነቀችው።

ቅጭ፣ አለ።

አንገት ሁሉ ወደ ጊታሩ ዞረ። ያን ዓይነት ድምፅ ቆፋሪዎቹ ጠንቅቀው ያውቁታል።

«ምንድን ነው?» አለች ፍርዶስ።

«ፒክ ነው። ጊታር መምቻ።»

«መምቻ ጊታር ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«ወድቆ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አላወጣሽውም?» ፍርዶስ ሳቀች። «እህቴ፣ እዚህ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። በጥርስ ሳሙና ያሳለፈ አለ፣ በዶሮ ሆድ ያሳለፈ አለ። እንዲህ ያለ ሰነፍ ውሸት ግን ሰምቼ አላውቅም።»

የሺአረግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። «የባሌ ነው፣ ሞቷል» ብትል ፍርዶስ እጇን ትሰበስብ ይሆናል። ግን መኪናው ሙሉ ከንፈሩን ይመጥላታል። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ከንፈር ሲመጥ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሸችው እሱን ነው። ጊታሩን ከፍርዶስ እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«አውጪውና እንሂድ ቲቸር! ተቀቀልን እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ካካፈልሽን ንጹሕ ናት ብለን እንመሰክራለን!» አለ ሌላው።

«ክሮቹን ራሴ ላላላ» አለች የሺአረግ በመጨረሻ። ስድስቱንም መቃኛ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አዞረች። ፍርዶስ ቀጭን እጇን በቀዳዳው አስገብታ ዳበሰች፤ አንድ ነገር ያዘች፤ ሳበችው።

የጥፍር ያህል የፕላስቲክ ቁራጭ ነበር።

«አይ ወርቅ!» ብሎ መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ፍርዶስ ቁራጩን አገላበጠችው። «በእንግሊዝኛ ‹ኃይለ› ይላል። ኃይለ ማን ነው?»

«ቀሪው ተቆርጧል።»

ፍርዶስ የየሺአረግን ፊት ለአፍታ ተመለከተች። ሳቋ ጠፋ። ፒኩን በሁለት እጇ አድርጋ መለሰችላትና ወደ ሹፌሩ ዞረች። «እለፉ! ሂዱ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» የቀረውን ሰው ሳትፈትሽ የኬላውን ገመድ አስወረደች።

ኬላው ከዓይን ሲርቅ እንየው ጎንበስ አለላት።

«ቲቸር፣ እግዜር ይስጥሽ።»

«ስለ ምኑ?»

ዳቦውን መታ መታ አደረገው። «ስለቱ ደረሰ።»

«እንግዲያው ቁረስልኛ።»

«ይሄማ ጥርስ ያስወልቃል።»

ሳትወድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጋምቤላ እስኪደርሱም አልመለሰችውም።

በጎኝ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ክሮቹን ቃኘች። ፒኩን በቀዳዳው ጣለችው። አምስተኛውን ክር መታች። ምንም የለም። ነቀነቀችው፤ ቅል ውስጥ እንዳለ ባቄላ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለ። አዘነበለችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ መታች። ፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ያ ድምፅ ያቺን ቦታ፣ ያን ጥብቀት፣ ያን አወዳደቅ እንደሚፈልግ ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያሻትም። ደግሞም ቀድሞ የጣለው እጅ ሌላ ነበር። ጊታሩን ስትደፋው ፒኩ ያለ ምንም ትግል መዳፏ ላይ ወደቀ።

ጎኝ በሩን ዘጋ፤ ድምፅ እንዳይገባ ፋኑን አጠፋ። በላብ እየታጠቡ ቀዱ። ሲጨርሱ ሄድፎኑን አወለቀ።

«ክሊን! በጣም ክሊን ነው! ቲቸር፣ በረሮው ሞተ?»

«ወጣ» አለች።

«ጎበዝ! አሁን ዘፈን ሆነ።»

ዘፈኑ ጥሩ ነው። የጋምቤላ ባጃጆች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለብጡታል፤ እንየውም ዲማ ላይ መንገድ ዳር ባያት ቁጥር ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሰማታል። ተከታዮቿ ሃምሳ አንድ ደርሰዋል። ፒኩ የእጅ ቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። የሺአረግ ጠዋት ትነሣለች፣ ቂጣዋን በሻይ ትበላለች፣ አምስተኛውን ክር ትመታለች። ክሩ ይጮኻል። ከእሱ ቀጥሎ ይመጣ የነበረው ድምፅ የለም።