የኤሊዜው ግራ እጅ

ጁረማ አንዴ እንቢ ካለች የካሩዋሩ ከተማ ገበያ በሙሉ ቢለምናት ንቅንቅ አትልም። ከልጅነቷ ጀምራ በቅዳሜ ገበያ ዘፍናለች። በኋላ የራሷን የዘፈን ሸክላ ማውጣት ስትጀምር ሽፋኑን እንጨት ላይ በመሮ ቀርጻ፣ ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት ላይ የምታትመው ራሷ ሆነች። ውስጡ የምትከተውን ትንሽ መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ዘፈን ከየት እንደመጣ የሚያወራውን፣ የምትጽፈውም ራሷ ናት። ከሬሲፌ ከተማ የመጣ አሳታሚ፣ «ዘፈኑን ስጪኝ፤ ሽፋኑ ፎቶ ይሁን፣ መጽሐፉም ይቅር» ቢላት፣ «እንግዲያው ዘፈኑም ይቅርብህ» ብላ በመጣበት መለሰችው።

«ዘፋኟ አንቺ፣ ሰዓሊዋ አንቺ፣ ደራሲዋ አንቺ» ትላታለች ጎረቤቷ ዶና ሊንዳውራ። «ለማጨብጨቡስ ሰው ትፈልጊ ይሆን?»

ለአዲሱ ሸክላ ሽፋን ታናሽ ወንድሟን ኤሊዜውን ጊታር ሲመታ አድርጋ እንጨት ላይ ቀረጸችው። ጊታር መቺዋ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ዘፍና አታውቅም። ኤሊዜው ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ አባታቸው በቀኝህ ካልሆነ እያሉ ግራ እጁን ከወንበር ጋር ያስሩበት ነበር። ሲፈታ ተመልሶ በግራው ይመታል። ግትርነቱን ከአንድ ቤት ነው የወረሱት።

ሸክላው ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው ኤሊዜው መጣና እንዲደርቁ ገመድ ላይ የተሰጡት ሽፋኖች ፊት ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነሃ! አፍንጫህ ጠፋህ?»

«አፍንጫውስ የኔ ነው። እጁ ግን አባባ የፈለጉት እጅ ነው።»

ጁረማ ቀና ብላ አየች። እንጨት ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግራው ቀኝ ይሆናል። ፊደል ስትቀርጽ ይህን ረስታ አታውቅም። ወንድሟን ግን ሁልጊዜ እንደምታየው አድርጋ ቀረጸችው፤ ሽፋኑ ላይ በቀኙ የሚመታ ሰው ሆኖ ወጣ።

«ልብ አላልኩትም» አለች።

«እሳቸውም ልብ አላሉኝም። ነገ ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እህትዓለም። ቀኙ የቀና።»

ሄደ።

«ማን ያይልሻል? ተይው» አለች ዶና ሊንዳውራ ከአጥሩ ወዲያ።

«እሱ አየው።»

ሌላ እንጨት ለመቅረጽ ጊዜ የለም፤ ወረቀቱም አልቋል። ጁረማ ተናዳ አንዱን ሽፋን ከገመዱ ነጠቀችው። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቋል። ገለበጠችው። በጀርባው በኩል ፈዘዝ ብሎ ኤሊዜው በግራው ይመታል።

የሸክላውን ስም በሌላ እንጨት ቀርጻ ገና ሳታትመው ቆይታ ነበር። በጀርባው በኩል አተመችና ሽፋኖቹን ሁሉ ገልብጣ አጠፈቻቸው። ጥቁሩ ስዕል ወደ ውስጥ ገባ።

«እንዲህ የደበዘዘ ማን ይገዛሻል?» አለች ዶና ሊንዳውራ።

«ሳይገዙ ይቅሩ!»

በማግስቱ ገበያው መሃል ሁለት ወንበር አስቀምጣ በአንዱ ተቀመጠች። ሰዉ «ጀምሪ እንጂ!» ይላል። እሷ አፏን አልከፈተችም። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኤሊዜው ጊታሩን እንዳነገተ ከሩቅ ብቅ አለ። ቀርቦ አንድ ሽፋን አነሳ።

«ደብዝዣለሁ» አለ።

«ፀሐይ መትታህ ነው።»

ገልጦ ውስጡን አየ። «ይሄኛውስ?»

«እሱ እዚያው ይቀመጥ። አንተ እዚህ ተቀመጥ።»

ኤሊዜው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጊታሩንም በግራው መታ።